እሳቱ የሚወስነው መድኃኒት

የቻይና ባህላዊ ሕክምና ሲነሳ ብዙው ሰው ቶሎ የሚያስበው በሰውነት ላይ የሚተከለውን መርፌ (አኩፓንክቸር) ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከመርፌው ጋር የሚታዘዘው፣ ታማሚው ቤቱ ይዞት የሚገባው የሥርና የቅጠል ጥቅል ነው። መርፌውን የሚወጋው የሠለጠነ እጅ ነው፤ ጥቅሉን የሚያፈላው ታማሚው ራሱ ወይም ቤት ያለ ሰው ነው። ስህተትም የሚገባው እዚያ፣ ምድጃው ላይ ነው።

አፈላሉ በመሠረቱ ቀላል ነው። የአንድ ቀኑ መጠን በሸክላ፣ በመስታወት ወይም በማይዝግ ብረት ድስት ይደረጋል። ተራ ብረት በሥሩና በልጣጩ ካለው ታኒን ከተባለ ንጥረ ነገር ጋር ተዋህዶ ውሃውን ያጠቁረዋል፤ አሉሚኒየምም አይመከርም። ከዕፁ በላይ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ እስኪል ቀዝቃዛ ውሃ ይጨመርና 30 ደቂቃ ይዘፈዘፋል። ይህን ዘሎ የፈላ ውሃ የሚያፈስበት ሰው የዕፁን ላዩን ብቻ ያበስለዋል፤ የውስጡ ሳይወጣ ይቀራል። ከዚያ በኃይለኛ እሳት ይፈላል፤ ገንፈል ሲል እሳቱ ይቀነስና ተከድኖ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይንተከተካል። ይጠለላል፤ በአተላው ላይ ሌላ ውሃ ተጨምሮ ይደገማል። ሁለቱ ተቀላቅለው ጠዋትና ማታ ይጠጣሉ። ካረረ ውሃ ጨምሮ ማዳን የለም፤ ይደፋል።

ይህ ደንብ ግን ለሁሉም ዕፅ አይሆንም፤ ትልቁ ነገርም እዚህ ላይ ነው። ናና ኃይሉ በሚተንነው ዘይቱ ውስጥ ስለሆነ መጨረሻ ላይ፣ 5 ደቂቃ ሲቀር ይጨመራል። ማዕድንና የባሕር ቅርፊት ደግሞ ከሌሎቹ ቀድመው ይፈላሉ።

ፉዚ የሚባለው የአኮናይት ሥር ብቻውን መነገር አለበት። አኮኒቲን የተባለ መርዝ አለበት፤ የልብን ምት ያዛባል፣ ይገድላልም። በውሃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲፈላ ይህ መርዝ ተሰባብሮ በጣም ወደ ደከመ ነገር ይለወጣል። ስለዚህ አስቀድሞ በፋብሪካ የተዘጋጀው ፉዚ እንኳ ሌሎቹ ዕፆች ከመግባታቸው በፊት ለብቻው ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈላል። ቸኩሎ ያወረደው ሰው መጀመሪያ ከንፈሩና ምላሱ ይደነዝዛል፤ ማስታወክና የልብ ምት መዛባት ይከተላሉ። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ምላስ ሲደነዝዝ «ያልፋል» ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ነው። በእኔ እምነት ፉዚ ቤት ውስጥ ጨርሶ መፈላት የለበትም።

ቺንግሃዎ የሚባለው ቅጠል ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው። የእኛው ጭቁኝ ዘመድ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረው ሐኪም ጌ ሆንግ ለሚመላለስ ትኩሳት አንድ እፍኝ ቺንግሃዎ በውሃ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ፣ ጭማቂው እንዲጠጣ ጽፏል። አፍሉት አላለም። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ በ1971 (እ.ኤ.አ.) በቤጂንግ የወባ መድኃኒት ስትፈልግ ቅጠሉ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም ነበር። ያንን ጽሑፍ ስታነብ ሙቀቱ መድኃኒቱን ያበላሸው ይሆናል ብላ ጠረጠረች፤ 35 ዲግሪ ገደማ ላይ በሚፈላው ኤተር በተባለ ፈሳሽ መድኃኒቱን ማውጣት ጀመረች። የተገኘው የወባ መድኃኒት፣ አርቴሚሲኒን፣ በ2015 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት አስገኘላት። እኔ ከዚህ ታሪክ ይበልጥ የማደንቀው አነባበቧን ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ እሳት አለመኖሩን አስተውላለች።

ከዚህ ተነስቶ የቅጠሉ ሻይ ወባ ያድናል ማለት ግን አደገኛ ነው። አርቴሚሲኒን በውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም፤ መጠኑም ከቅጠል ቅጠል ይለያያል። የዓለም ጤና ድርጅት ሻዩን ለወባ አይመክርም። ጭቁኝም የቺንግሃዎ ዘመድ ስለሆነ ብቻ ሊተካው አይችልም። ትንሽ መጠን ከወባው ተሐዋስያን የተወሰኑትን ገድሎ የበረቱትን ስለሚተው፣ ታማሚው የዳነ መስሎት ሳለ በሽታው ያገረሽበታል።

በአገራችን ፋልሲፓረም ለተባለው የወባ ዓይነት ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሰጠው ኮአርተም የተባለው ክኒን ከያዛቸው ሁለት መድኃኒቶች አንዱ የተሠራው ከቺንግሃዎ ቅጠል ከወጣ ንጥረ ነገር ነው። በ3 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ ይዋጣል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ነው፤ የቀሩት ጠዋትና ማታ ይወሰዳሉ። ወተት ወይም ቅባት ያለው ምግብ አብሮት ሊኖር ይገባል፤ በባዶ ሆድ ሲዋጥ ወደ ደም የሚገባው መጠን ያንሳል። ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ቢለቅም ስድስቱም መጠን ይጨረሳል።