ወተት የተከለከልኩበት ጊዮርጊስ

አየርላንድ፣ ኮርክ ገጠር ውስጥ ከከብት አርቢዎች መሀል ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ሜይ 1 ሰኞ ዋለ። ለእነሱ የዕረፍት ቀን፣ ለእኔ ሚያዝያ 23 ጊዮርጊስ። ፋሲካ አልፏል፣ ቡና በወተት አምሮኛል፣ የመንደሯ ሱቅ ዝግ ነው። ጆግ ይዤ ጎረቤቴ አሮጊት ዘንድ ሄድኩ። ልጃቸው ላሞች አሉት፤ ሌላ ጊዜ ሳልጠይቅ ነው የሚሰጡኝ።

ደጃፋቸው ላይ ቢጫ አበባ ተበትኗል። ነፋስ ያመጣው መስሎኝ በእግሬ ገፋ ላደርገው ስል "ተይው!" አሉኝ ከውስጥ። ወተት ስላቸው ጆጉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ፊታቸው ቀላ። "ዛሬ አይሆንም። ነገ ራሴ አመጣልሻለሁ።"

ስብሰለሰል ዋልኩ። ሰው አገር ሲኖሩ እምቢታ ሁሉ ከመልክ ጋር ይያያዝብዎታል።

በነጋታው ሁለት ሊትር ይዘው መጡና ቁጭ ብለው አስረዱኝ። ሜይ 1 የእነሱ በጋ መግቢያ ነው፤ ከብቱ ወደ በጋ ግጦሽ ይወጣል፣ ወተቱ ይበዛል። በድሮው እምነት በዚያ ቀን ወተት፣ ጨው ወይም የእሳት ፍም ከቤቱ ያወጣ ሰው የዓመቱን ቅቤ አብሮ ሰጠ ማለት ነው። አመድ እንኳ አይደፋም። አበባውም ክፉውን ከደጅ ለመመለስ ነው። ቅቤ ደግሞ የዋዛ ነገር አልነበረም፤ ጭሰኛው የመሬት ኪራዩን የሚከፍለው ቅቤ ሸጦ ነበር። ኮርክ ከተማም በቅቤ ገበያዋ ባሕር ማዶ ድረስ ትታወቅ ነበር፤ ዛሬ የቅቤ ሙዚየም አላት።

ሲናጥ የገባ እንግዳ ትንሽ ሳይንጥ አይወጣም ነበር አሉኝ፣ በረከቱን ይዞ እንዳይሄድ። እኛ ዓይን እንዳይወድቅበት እንሸሽገዋለን፤ እነሱ እንግዳውን ሥራ ያስይዙታል። የእነሱ ይሻላል።

"ያምኑበታል?" አልኳቸው።

"እኔ አላምንም። ላሞቹ ግን የልጄ ናቸው።"

ሳቅኩ። አባቴ በሚካኤል ቀን ሞፈር አይነካም ነበር፤ በረዶ ይመጣል። ጎረቤት ካረሰ ደግሞ በረዶው ማሳ አይለይምና መንደሩ ሁሉ ይቆጣዋል።

ከዚያ ወዲህ እየሄድኩ እጠይቃቸው ጀመር። የአንድ ዓመት ዲሴምበር 28፣ ሄሮድስ ያስገደላቸው ሕፃናት የሚታሰቡበት ዕለት፣ በዋለበት የሳምንቱ ቀን የሚቀጥለውን ዓመት ሙሉ አዲስ ሥራ አይጀመርም። ያለፈው ረቡዕ ነበር የዋለው። የእኔ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ረቡዕ ነበር፤ ወደቅኩ። (የወደቅኩት ወደኋላ ማቆም ስላልቻልኩ ነው፤ እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።) ቅዳሜ ቤት የቀየረም ብዙ አይቀመጥም ይባላል። ከ1937 እስከ 1939 የአገሪቱ ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ሁሉ ከሽማግሌ እየጠየቁ በደብተር ጽፈዋል፤ ታላቅ እህታቸው አንዷ ነበሩ። ደብተሮቹ አሁን ኢንተርኔት ላይ ይነበባሉ።

በቀጣዩ ዓመት ኤፕሪል 29 ማታ ከሥራ ስመለስ በሬ ሥር ሁለት ጠርሙስ ወተት ተቀምጧል። ጊዮርጊስ ዕለት የጋገርኩትን ድፎ ዳቦ ይዤላቸው ሄድኩ፤ አበባውን ተሻግሬ ገባሁ። መቀበል አልተከለከለም መሰለኝ፣ ሁለት ቁራሽ በሉ።