ዝቅ ላለች ካማሮ ካርዳን መምረጥ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ካማሮዬ (የሼቭሮሌት መኪና) የ1969 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ናት። ከኋላ በባሌስትራውና በዲፈረንሻሉ መሀል ባለ 2 ኢንች ብሎክ ገብቶላት ዝቅ ብላለች። ቁመናዋ አንደኛ ነው። የድሮው ካርዳን (ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል ኃይል የሚያስተላልፈው ረጅም ቱቦ) ግን ክሮቼራው፣ ማለትም ጫፉ ላይ ያለው ተጣጣፊ መጋጠሚያ፣ አልቋል፣ ቱቦውም ተሰርጉዷል። ስለዚህ ሙሉውን ልቀይር ነው።

ይሄን ወሬ ስታነሱ ብዙው ሰው "ውፍረቱ 4 ኢንች የሆነ የአልሙኒየም ካርዳን ግጠምና ተገላገል" ይላችኋል። ከፍታዋ ላልተነካ መኪና ይሁን እሺ። ዝቅ ላለች ግን ነገሩ የሚጀምረው ከቦታ ነው።

መኪና በብሎክ ዝቅ ሲል ዲፈረንሻሉ ባለበት ነው፤ ወደ እሱ የሚወርደው ቦዲው ነው። ካርዳኑም በዚያው ልክ ወደ ወለሉ ዋሻ (ካርዳኑ ከሥሩ ወደሚያልፍበት የወለል ጉብታ) ይጠጋል። የኔ ዲፈረንሻል የማቆሚያ ጎሚኒው እስኪያቆመው ድረስ ገና 6 ሴንቲ ያህል ወደ ላይ መውጣት ይችላል። ያኔ የካርዳኑ የኋላ ጫፍ 6 ሴንቲ፣ መሀሉ 3 ሴንቲ ይነሳል። ካምቢዮው ጋ ያለው ጫፍ ከፍታው አይለወጥም። ስለዚህ በደንብ መለካት ያለበት የኋላው ግማሽ ነው። ከመሀል ትንሽ ወደ ኋላ፣ በጣም ጠባቡ ቦታ ላይ፣ ከአሁኑ የ3 ኢንች ቱቦ እስከ ወለሉ 5 ሴንቲ አገኘሁ። እዚያ ጋ ካርዳኑ ወደ 4 ሴንቲ ይነሳል። ተርፎ የሚቀረው 1 ሴንቲ ብቻ ነው።

4 ኢንች ቢገባ ከላይ በኩል 12.7 ሚሊ ይበላል፤ ማለትም ጉድጓድ ውስጥ ስገባ ወለሉን ይመታል። 3.5 ኢንች ደግሞ ከ4 ሚሊ በታች ያስቀርልኛል። ሞተር ሲያስነሱ ካምቢዮው ራሱ በተቀመጠበት ጎሚኒ ላይ እንደሚወዛወዝ አትርሱ። 4 ሚሊ ምንም ማለት ነው።

ታዲያ 3 ኢንች ይበቃል ወይ? ረጅም ካርዳን ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ሲሽከረከር መሀሉ እንደ ዝላይ ገመድ መጎበጥ ይጀምራል። ይህ ገደብ ከውፍረቱ ጋር አብሮ ይጨምራል፤ ርዝመት ሲጨምር ደግሞ በካሬው ልክ ይወርዳል። በ26 ኢንች ጎማና በ3.73 ዲፈረንሻል (ጎማው አንዴ ሲዞር ካርዳኑ 3.73 ጊዜ ይዞራል)፣ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ስነዳ ካርዳኑ በደቂቃ ወደ 4,800 ጊዜ ይዞራል። ካርዳን ሰሪው በኔ ርዝመት ሲያሰላው ባለ 3 ኢንች ብረት ከዚህ በላይ በቂ ትርፍ አለው። ትራክ ላይ 250 ለሚሮጥ ሰው ወሬው ሌላ ነው።

እግረ መንገዴን፦ አልሙኒየም በራሱ ይህን ገደብ ከፍ አያደርግም። በእኩል ውፍረትና ርዝመት ከብረት ጋር ተቀራራቢ ነው፣ ምክንያቱም ቀላል ቢሆንም በዚያው ልክ ይለመጣል። የፍጥነት ጥቅሙ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ወፍሮ ስለሚሠራ ነው። ለኔ ደግሞ ማወፈሪያ ቦታ የለም። ብረት ይሁን ብያለሁ።

ርዝመቱን ስትለኩ ክብደቷ ጎማዋ ላይ ይረፍ። ቦዲውን በክሪክ ሰቅላችሁ ዲፈረንሻሉ ተንጠልጥሎ ከለካችሁ ቁጥሩ ይዋሻል። የፊተኛው ተንሸራታች ጫፍ ካምቢዮው ውስጥ እስከ መጨረሻ ገብቶ፣ ከዚያ ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ወደ ኋላ ተስቦ ነው የሚለካው። ያ ክፍተት ከሌለ ጉድጓድ ላይ ካርዳኑ ካምቢዮውን ከውስጥ ይገፋዋል።

ክሮቼራውን 1350 በሚባለው መጠን አድርጌዋለሁ። ከ1310 ሰፊ ነው፤ ኩባያውም (የመስቀሉን ጫፍ የሚይዘው ክዳን) 30 ሚሊ ገደማ ሲሆን የ1310 እና የ1330 ኩባያ 27 ሚሊ ነው። ለዚህ ሲባል የዲፈረንሻሉም መያዣ ይቀየራል፤ ወጪ ቢጨምርም አልቆጨኝም።

ትዕዛዙ ገብቷል። የቀረኝ አንግሉ ነው። ሁለቱም ክሮቼራዎች ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ታጥፈው እንዲሠሩ፣ ልዩነታቸውም ከ1 ዲግሪ እንዳይበልጥ እፈልጋለሁ። ዜሮ እንዲሆን አልፈልግም፤ ውስጡ ያሉት መርፌ ኩሽኔታዎች ካልተንቀሳቀሱ አንድ ቦታ ላይ ይቦረቦራሉ። አሁን ስለካ የኋላው ከፊተኛው በ2 ዲግሪ ይበልጣል። ካርዳኑ ሲመጣ ባሌስትራው ላይ ሾጣጣ ብረት አስገብቼ ዲፈረንሻሉን አዘነብለዋለሁ።