ለወኪል የከፈልኩት ቀብድ

ባለፈው ዓመት በቴሌግራም ያገለገለ ቪትዝ ሳፈላልግ፣ ዋጋዋ ከአቻዎቿ በ100 ሺህ ብር ያህል ያነሰ አንዲት መኪና አገኘሁና እንደ ዕድል ቆጠርኩት። ሻጩ የባለቤቱ ወኪል እንደሆነና ባለቤቱ ክፍለ ሀገር ስለሚኖሩ ሁሉንም ነገር እሱ እንደሚጨርስ ነገረኝ። በላከልኝ የሊብሬ ፎቶ ላይ አውራ ጣቱ የሻንሲ ቁጥሩን የመጨረሻ አሃዞች ሸፍኗል፤ አይቼ ዝም አልኩ። መካኒክ ፈትሾ ሞተሩም ካምቢዮውም ደህና ናቸው አለኝ፤ ያዘናጋኝም ይኸው ነው።

የተበላሁት ቀብዱ ላይ ነው። «ሌላ ገዢ መጥቷል፤ እስከ ማታ ካልላክህ ትሸጣለች» ሲለኝ ያለ አንዳች ጽሑፍ 40 ሺህ ብር በስልኬ አስተላለፍኩለት። በባንክ የተከፈለ ገንዘብ ማስረጃ አለው የሚለውን የተለመደ ምክር አምኜ ነበር፤ ደረሰኙ ግን ብሩ ከእኔ ወደ እሱ መሄዱን እንጂ ለምን እንደሄደ አይናገርም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1885 ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን እንደሚያጣ፣ ተቀባዩ ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን እንደሚመልስ ይደነግጋል፤ ይህ የሚጠቅመው ግን ብሩ ቀብድ መሆኑን ማስረዳት ለሚችል ሰው ነው።

ዕዳና እገዳ ለማጣራት መኪናዋ ወደተመዘገበችበት ቢሮ የሄድኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን «ሲስተም የለም» ተባልኩ። በማግስቱ ከረጅም ሰልፍ በኋላ መስኮቱ ጋ ስደርስ ሠራተኛዋ ቀና እንኳ ሳትል «ባለቤቱ ራሳቸው ይምጡ» አለችኝ። ወኪል እንዳላቸው ብነግራት «እንግዲያው ወኪሉ ይምጣ» አለች፤ ወኪሉ ደግሞ ስልክ ማንሳት አቁሟል።

በእጄ በቀረው የውክልና ኮፒ ላይ አድራሻ ስለነበር ቤቱን አፈላልጌ አንኳኳሁ። ጥቁር የለበሱ እናት ከፈቱልኝ። ባለቤቱን በስማቸው ስጠይቅ ለአፍታ ዝም ብለው፣ «ልጄ፣ እሳቸው ካረፉ ሰባት ወር ሆናቸው» አሉኝ፤ ከዚያም አስገብተው ቡና እያቀረቡ መኪናዋ በወራሾች ክርክር ላይ መሆኗን ነገሩኝ። ውክልና ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር በሰጪው ሞት ያበቃል። «ባለቤቱ ራሳቸው ይምጡ» ያለችኝ ሠራተኛ ያኔ ትዝ አለችኝ።

ፖሊስ ጣቢያ አመልክቼ የተመለሰልኝ 15 ሺህ ብር ብቻ ነው። አሁን የምነዳትን መኪና ከባለቤቷ ከራሷ ገዛሁ፤ ፋይሉን አብረን አጣርተን፣ ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርበን ተፈራርመን ከፈልኩ። ሰው ምንም ይበል፣ እኔ ለወኪል ቀብድ አይሰጥም ባይ ነኝ። ባለቤቱ ውጭ አገር ከሆነ በቪዲዮ ያነጋግረኝ፤ ውክልናው መሸጥን በግልጽ እንደሚፈቅድና እንዳልተሻረም ካረጋገጠው መሥሪያ ቤት ልጠይቅ።

ከአንድ ወር በኋላ ያቺው ቪትዝ በሌላ ቻናል ለሽያጭ ቀረበች። ፎቶውም ያው ነው፤ አውራ ጣቱ እንኳ ከቦታው አልተነቃነቀም።