ፍላሽ ሰክቼ ዝም ያለኝ ሊኑክስ
ከግኖም (ሙሉ ዴስክቶፕ) ወደ አይ3 (መስኮቶችን ብቻ የሚያስተዳድር ቀላል ፕሮግራም) ከቀየርኩ በኋላ ላፕቶፔ ላይ ፍላሽ ስሰካ ምንም አይመጣም። የፍላሹ መብራት ይበራል፣ ፋይል ማናጀሩ ግን ጭራሽ አያውቀውም። ብዙ ሰው የሚመክረው «ኤፍስታብ (ሊኑክስ ሲነሣ የሚከፈቱ ዲስኮች የሚዘረዘሩበት ፋይል) ውስጥ ጻፈው» እያለ ነው። አልዋጥልህ አለኝ። የመጣው ሰው ሁሉ ፍላሹን የሚሰካበት ማሽን ላይ የየትኛውን ነው የምጽፈው?

ከታች ጀመርኩ። ተርሚናል ላይ የከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) መልእክቶች የሚያሳየውን «ዲሜሴጅ -ደብሊው» ብዬ ፍላሹን ሰካሁ፤ ወዲያው ኤስዲቢ (ዲስኩ)፣ ከሥሩም ኤስዲቢ1 (በላዩ ያለው ክፍል) ወጣ። ከርነሉ አይቶታል ማለት ነው። እዚህ ጋ ምንም ካልወጣላችሁ ኬብሉን ወይም ፖርቱን ቀይሩ፣ ሶፍትዌር አትነካኩ። «ኤልኤስቢኤልኬ -ኤፍ» የፋይል ሲስተሙን ዓይነትና ዩዩአይዲውን (የማይለወጥ መለያ ቁጥሩን) አሳየኝ፣ የማውንቱ ቦታ (ፍላሹ የሚከፈትበት ፎልደር) ግን ባዶ ነው። ከዚያ «ዩዲስክስሲቲኤል ማውንት -ቢ» ብዬ የክፍሉን ስም (ኤስዲቢ1) ስሰጠው ያለ ሱዶ (ያለ አስተዳዳሪ ፈቃድ) ከፈተው! (በኤስኤስኤች፣ ማለትም ከሌላ ማሽን በኔትወርክ ገብታችሁ ከሞከራችሁት ግን ፈቃድ የሚቆጣጠረው ፖልኪት ፓስወርድ ይጠይቃችኋል።)

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ከዚህ ትእዛዝ ጀርባ ሆኖ ዲስኮችን የሚከፍተው ዩዲስክስ በራሱ ተነሥቶ ማውንት አያደርግም። አንድ ፕሮግራም «ክፈተው» እስኪለው ይጠብቃል። ግኖም ላይ የሚጠይቀው ዴስክቶፑ ራሱ ነው፣ አይ3 ላይ ደግሞ ጠያቂ የለም። ዩዲስኪ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ጭኜ ከአይ3 ጋር አብሮ እንዲነሣ አደረግኩት፣ አለቀ።

አንድ የኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ ፋይል ሲስተም) ኤክስተርናል ዲስክ ግን አሁንም እምቢ አለ። ዲሜሴጅ ላይ ቮልዩሙ «ደርቲ» ነው ይላል፤ ዊንዶውስ ላይ ሳይዘጋ የተነቀለ ዲስክ መሆኑ ነው። ከከርነል 5.15 (2021) ጀምሮ ያለው ኤንቲኤፍኤስ3 ድራይቨር እንዲህ ያለውን ዝም ብሎ አያልፍም። በግድ የሚከፍት «ፎርስ» የሚል አማራጭ አለ፣ እኔ ግን የሰው ሠርግ ቪዲዮ ያለበት ዲስክ ላይ እሱን አልሞክርም። የሊኑክሱ «ኤንቲኤፍኤስፊክስ -ዲ»ም ቢሆን የ«ደርቲ» ምልክቱን ያነሣል እንጂ ጥገናው ጥቂት ነው። ዊንዶውስ ላይ ሰክቼ ዲስክ የሚጠግነውን «ቼክዲስክ /ኤፍ» አስኬድኩት፣ በሥርዓቱ አስወጣሁት፣ ከዚያ በኋላ ሊኑክስ ላይ ያለ ችግር ተከፈተ።

ኤፍስታብን የተጠቀምኩት ለባክአፕ ዲስኬ ብቻ ነው፤ እሱ ሁሌም ያው ስለሆነ። ኤስዲቢ ብላችሁ ግን አትጻፉ፣ ነገ ኤስዲሲ ሊሆን ይችላል፤ ዩዩአይዲውን ጻፉ። «ኖፌይል» የምትለዋን ቃል ደግሞ እንዳትረሱ። እሷ ከሌለች ዲስኩ ባልተሰካበት ቀን ሊኑክስን የሚያስነሣው ሲስተምዲ 90 ሰከንድ ያህል ይጠብቅና ኢመርጀንሲ ሞድ (የጥገና ተርሚናል ብቻ) ውስጥ ይጥላችኋል፣ ያውም ሥራ በሚቸኩልበት ጠዋት። «ኤክስ-ሲስተምዲ.አውቶማውንት» ከጨመራችሁ ደግሞ ፎልደሩን ስትነኩት ብቻ ነው የሚከፈተው። ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት «ፋይንድኤምኤንቲ --ቬሪፋይ» በሉት፣ የተሳሳተ መስመር ካለ እዚያው ይነግራችኋል።