የወንድሜን የአረቄ ሱስ በእማ የጤና መድህን ስናሳክም

ወንድሜ በራሱ አፍ «አሳክሙኝ» ሲል ቤታችን ውስጥ የቀረው ጥያቄ ገንዘቡ ነበር። እማ ባህር ዳር ገበያ ቅመም ትሸጣለች፤ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ደብተሯንም በየዓመቱ ታሳድሳለች። ደብተሩ ላይ ግን ወንድሜ የለም። በአንዱ መዋጮ የሚታቀፉት ባልና ሚስት እና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው፤ እሱ ደግሞ 18ን ካለፈ ቆይቷል።

«ባንቺ በኩል አይሆንም?» አለችኝ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝና። ለእኛ የታሰበው ማኅበራዊ ጤና መድህን ነው። አዋጁ በ2002፣ ደንቡ በ2005 ወጥቷል፤ ከደመወዜ ግን ያኔ ገና ምንም አይቆረጥም ነበር። ጭራሽ ደንብ ቁጥር 271/2005 የሱስ ሕክምናን ከማይሸፈኑት ተርታ ነው የከተተው። ሳነበው ደሜ ፈላ። ጉበቱ ሲጎዳ አክሙት፣ ጉበቱን የሚጎዳውን ግን ራሱ ይወጣው ማለት ምን የሚሉት ቁጠባ ነው?

ስለዚህ የእማን ደብተር ያዝን። ዕድሳት በዓመት አንዴ ነው፤ ወቅቱ ካለፈ እስከ ከርሞ መጠበቅ ሊሆን ነው። ወንድሜን ይዘን ቀበሌ ሄድን። ሠራተኛው ደብተሩን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «እማማ፣ ይሄ እኮ ትልቅ ሰው ነው፤ ተጨማሪ ይከፈልበታል» አላት። ከፈለች። ወንድሜ ጠዋት አረቄ ሳይቀምስ ስለመጣ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ፊርማው ከመስመሩ ወጥቶ ፎቶው ሥር ደረሰ። ሠራተኛው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው ማህተሙን ግማሹን ፎቶው ላይ፣ ግማሹን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። እንዳላየ ማለፉን እስከዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ዘመዶች «ቀጥታ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ውሰዱት» አሉን። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ያለ ሪፈር ሆስፒታል መሄድ ከኪስ ያስከፍላል፤ በጤና ጣቢያ ጀመርን። ሲስተሯ በቀን ስንት እንደሚጠጣ ስትጠይቀው አሳንሶ ሊናገር ሲል እኔ ጣልቃ ገባሁ። ይህ ነገር ቀልድ የለውም። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንዴ ሲያቆም ሰውነቱ ሊንዘፈዘፍ፣ አእምሮውም ሊቃዥ፣ ሊሞትም ይችላል። «ቤት ቆልፋችሁበት ይለፍለት» የሚሉ አሉ፤ አትስሟቸው። መንዘፍዘፉ ወይም መቃዠቱ ከመጣ ደግሞ ድንገተኛ ነውና ሪፈር አይጠበቅም።

እማ ልቧ ፀበል ነበር። ሲስተሯ «ፀበሉን ማን ይከለክላል እናቴ፣ መድኃኒቱን ብቻ እንዳያቋርጥ» ስትላት ፊቷ ፈታ አለ። ከዚያ ሪፈር ተጻፈልን፣ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ገባን። መንቀጥቀጡን የሚያበርድ መድኃኒት ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ተሰጠው፤ ቫይታሚን ቢ 1ም ታዘዘለት።

መድኃኒቱ ግቢው ውስጥ ሲታጣ «የለም» የሚለውን ማህተም ማዘዣው ላይ አስመታሁ፤ የውጭውን ደረሰኝም አያይዤ አመለከትኩ። የተመለሰልን ዘግይቶ ነው፣ ያውም ሙሉውን አይደለም። ማዘዣው ላይ ማህተም ባይኖር ይሄንንም አናገኝም ነበር።

መሐል ላይ ተመልሶ ጠጥቷል። ደብተሩ ስለታደሰ እንደገና ሪፈር አጽፈን ሄድን። የሪፈሩን ጊዜ የምከታተለው እኔ ነኝ፣ መዋጮውን እማ። ጫቱን ግን ገና አልተወም፤ በእሱ አሁንም እየተጨቃጨቅን ነው።