ኦርማና ላይ የሚሸጥ ቤት

ዛሬ ልቤን ኦርማና በምትባል የቱርክ መንደር ጥዬው ነው የመጣሁት። ከአንታሊያ ባሕር ዳርቻ ተነስተን ወደ ቶሮስ ተራሮች ሽቅብ ነዳን። እዚህ አግብቶ የሚኖረው ጓደኛዬ የሚሸጥ የድንጋይ ቪላ ሊያይ ነበር፤ እኔ አጃቢ ነኝ።

ቤቱ ፊት ስንደርስ እግሬ ቀጥ አለ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሯል። ሲሚንቶ የለ፣ ጭቃ የለ። በየመሃሉ የዝግባ እንጨት ገብቶበታል፤ የእንጨቶቹ ጫፍ ወደ ውጭ ብቅ ብቅ ብሏል። የሸሚዝ ቁልፍ ስለሚመስሉ አገሬው "ባለ ቁልፍ ቤት" ይለዋል። መሬት ሲንቀጠቀጥ ግድግዳውን አያይዘው የሚይዙት እነሱ ናቸው።

እኔ ግን ቁልፍ አልታየኝም። ደብረ ዳሞ ነው የታየኝ! እኛ "የዝንጀሮ ራስ" የምንለው፣ የአክሱም ዘመን አሠራር። ላሊበላ ላይ እንኳ በመስኮቶቹ ማዕዘን ከዓለት ተፈልፍሎ ይታያል። ይህን ያህል ርቀን እንዲህ መመሳሰላችን ገረመኝ።

ደላላው ስለ መዋኛ ገንዳ ያወራል። እኔ አንዱን ጫፍ በእጄ ያዝኩት። ግራጫ ሆኗል፣ መሃሉ ተሰንጥቋል፣ ፀሐዩ አሙቆታል። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ስንመለስ ጓደኛዬን "ወንድሜ፣ ከገዛኸው ግድግዳውን ልስን እንዳታስነካው" ብዬ ለመንኩት። መኪና ውስጥ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ "እንጨቶቹን ፎቶ አንስተሃል? ላክልኝ" አለኝ።