ጥር ነው ሐምሌ?

እሑድ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ወጣሁ። ታች ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር፤ ደንገጎን አልፈን ጋሼ ቤት ስደርስ ግን ጋቢ አስደረቡኝ። ከቡና ቅጠል የሚፈላው ቁጢ ቀረበ።

አስር ሰዓት ላይ አሜሪካ ያለው ልጃቸው በቪዲዮ ደወለ። አዳኝ ነው። የተተኮሰ ቀለሃ ሰብስቦ ጥይቱን ራሱ ይሞላል፤ እዚያ ይሄ የተለመደ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ስልኩን ወደ ሚዛኑ አዞረልን። ትንሽ ሰሃን ላይ እንደ ቁንዶ በርበሬ ድቃቂ ያለ ባሩድ፤ ቁጥሩ በግሬን። ፋርማሲ ስለምሠራ ፈገግ አልኩ፤ ግሬን የእኛም የድሮ መለኪያ ነው። 325 ሚሊግራሙ አስፕሪን አምስት ግሬን ይባል ነበር። እሱ ግን የሚጨነቀው በግማሽ ግሬን ነው።

ጋሼ ሳቁ። አባታቸው ውጅግራ ሲሞሉ እያዩ ነው ያደጉት፤ ባሩዱ ከቀንዱ ይቀዳል፣ ቀለሃው ይሞላል፣ እርሳሱ ይደፈናል። «ማን ሊመዝን!»

አልተሳሳቱም። ውጅግራ እ.ኤ.አ. የ1874 የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፤ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ስለሆነ ቀለሃው ራሱ ስፍር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባው ባሩድ ተሠርቶ፣ በ1886 ለበን የተባለው ጠመንጃ ይዞት ሲመጣ ግን ያ ስፍር አከተመ። ያንኑ ቀለሃ በዚህኛው ኃይለኛ ባሩድ አፍ እስከ ገደፉ የሞላ ሰው ጠመንጃው ፊቱ ላይ ይፈነዳል።

የጥይት አሞላል መጽሐፍ ላይ ከፍተኛው የባሩድ መጠን ተጽፎ የለ፣ እሱን ለምን አትሞላም ብዬ ልጁን ጠየቅሁት። ያ ቁጥር የመጽሐፉ አዘጋጆች ነው አለኝ፤ በእነሱ አፈሙዝ፣ በእነሱ ቀለሃ፣ በእነሱ እርሳስ የተለካ። እሱ ከዚያ አስር በመቶ ዝቅ ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በትንሽ በትንሹ እየጨመረ፣ በየደረጃው ጥቂት ይተኩስና ቀለሃውን አገላብጦ ያያል። ቂጡ ላይ ያለችው መለኮሻ ተደፍጥጣ ጠርዟ ከጠፋ፣ ማቀባበያው አልከፈት ብሎ ካስቸገረ፣ መጽሐፉ ምንም ይበል ምን ያቆማል። በእሱ ጠመንጃ ማቀባበያው የከበደው ከመጽሐፉ ጣሪያ ሁለት ደረጃ ቀድሞ ነው። ደግሞ ጣሪያው አካባቢ የምትጨመረው ባሩድ ፍጥነቱን እምብዛም ሳትጨምር ግፊቱን ታስፈነጥረዋለች፤ ምን ሊተርፈው?

እኔም ለአዋቂ በቀን ከስምንት ባለ 500 ሚሊግራም የፓራሲታሞል ክኒን አይለፉ እላለሁ፤ ጉበቱ ለተጎዳ ሰው ግን ስምንቱም ብዙ ነው። አልነገርኩትም፣ ሥራዬን ማውራት እንደማበዛ ስለማውቅ።

ጋሼ ስኒውን አስቀመጡና፣ «አንተ ልጅ፣ የሞከርከው ጥር ነው ሐምሌ?» አሉት።

እሳቸው ያሰቡት እርጥበት ነው። የአባታቸው ባሩድ ክረምት ላይ እየረጠበ እምቢ ይል ነበር። ልጁ ግን ዝም አለ። የሞከረው በጥር በረዶ ነው። እዚያ ሐምሌ የሙቀት ወር ነው፤ ተኩስ መለማመጃ ሜዳ ሲሄድ የጥይቱ ሳጥን መኪና ውስጥ ፀሐይ ሲመታው ይውላል፤ ባሩድ ደግሞ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል። ሐረር ሞክሮ ድሬዳዋ ወርዶ እንደ መተኮስ በሉት።

ማታ ድሬዳዋ ተመልሼ፣ ፋኑን ከፍቼ ጋደም እንዳልኩ ፎቶ ላከልኝ። ከሞላቸው ሃያ ጥይቶች አሥራ አንዱን ፈትቷል። እርሳሶቹ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል፣ ባሩዱ ሰሃኑ ላይ ነው። ከሥሩ «ለአባዬ እንዳትነግሪው» ይላል።